የዕቅድ ውይይት፦ የማኅበራችን የነሐሴው የቤተሰብ የመርከብ ጉዞ

ጸሐፊ፦ ረቂቁ እሑድ ለጉባኤ ይቀርባል። ከሦስቱ የመርከብ ኩባንያዎች ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል እዚሁ ከባልቲሞር ወደብ ይነሣሉ፤ ለዲዝኒ ግን ፍሎሪዳ ድረስ መብረር አለብን። የቀረን ምግቡንና መስተንግዶውን አወዳድሮ አንዱን መምረጥ ነው።

የመንትዮቹ እናት፦ ዲዝኒ ይሁን። በየምሽቱ ምግብ ቤት ይቀየራል፤ አስተናጋጆቹ ግን አብረው ይዞራሉ። እኛ ስንሄድ አንደኛው ልጄ ኦቾሎኒ እንደማይስማማው የመጀመሪያው ምሽት ተናገርኩ። በማግስቱ ሌላ አዳራሽ ገብተን ገና ሳንቀመጥ፣ ያው አስተናጋጅ ጣፋጩን ከልጁ ፊት አንሥቶ ሌላ አመጣለት። ለስላሳ መጠጡም ከማዕዱ ጋር በነፃ ነው፤ በሌሎቹ ሁለት መርከቦች ለብቻው ይከፈልበታል።

ሒሳብ ያዥ፦ የአውሮፕላኑንስ ማን ይከፍላል? ካዝናው የሚደጉመው መርከቡን ብቻ ነው። ሮያል ላይ እኮ ልጆች በመጀመሪያው ዙር እራት በልተው ወደ ልጆች ክፍል መሄድ ይችላሉ። የአስተናጋጆች ጉርሻም በየቀኑ በሰው ቁጥር ይታሰባል፤ የአምስት ዓመት ልጅ እንደ አዋቂ ይቆጠራል። ይህ ረቂቁ ውስጥ የለም። ይግባ።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ ነሐሴ ፍልሰታ ነው። ይህን ያሰበ አለ? እንጀራስ ይዘን እንገባለን?

ጸሐፊ፦ የጾም ምግብ ቀድሞ ከተነገራቸው ሦስቱም ያዘጋጃሉ። ቤት የተጋገረ ምግብ ግን መርከብ ላይ አይገባም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ከሱቅ የተገዛ፣ የታሸገስ?

ጸሐፊ፦ የታሸገ ብስኩት ያስገባሉ። እንጀራ ግን ቶሎ የሚበላሽ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ደርቆሽ አይበላሽም።

ከአሌክሳንድሪያ፦ ጀበናስ? ያለ ቡና ሰባት ቀን?

ሒሳብ ያዥ፦ የኤሌክትሪክ ምድጃ በር ላይ ይወሰዳል፤ እሳት ይፈራሉ። እባካችሁ ወደ ዋጋው እንመለስ።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ አልመለስም። ሃያ ዓመት ያገለገልኩት ማኅበር እንጀራ ከተከለከለበት ቦታ ገንዘቡን አያፈስም።

የመንትዮቹ እናት፦ ጋሼ፣ ጉዞው ለልጆቹ ነው የታሰበው። እርስዎ ባለፈው ዓመት ሽርሽርም የድንኳኑን ነገር አንሥተው ግማሽ ቀን አስፈጅተውናል።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ ድንኳኑ ባይኖር በዝናብ ትደበደቡ ነበር!

የወጣቶች ተጠሪ፦ ለሦስቱም ደውዬ የደርቆሹን ነገር እጠይቃለሁ። እስከ ሐሙስ መልስ አመጣለሁ።

የመንትዮቹ እናት (በማግስቱ)፦ ጋሼ፣ ትናንት በቁጣ ተናግሬያለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ ይቅር ለእግዚአብሔር፣ ልጄ። ቀኑ ግን ይቀየር።

ከአሌክሳንድሪያ፦ በገና ዕረፍትስ?

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ እሱም የነቢያት ጾም ነው። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ይፈታል፤ ከዚያ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነፃ ነው።

ሒሳብ ያዥ፦ ሐምሌ ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ መርከቡ ውድ ነው። ደግሞ ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ የተደወለው ስልክ የት ደረሰ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ተጠሪው ስልኩን አያነሣም። እኔ የማቀርበው ሐሳብ አለ፦ የምንሳፈር ዕለት ጠዋት ባልቲሞር አዳራሽ ተከራይተን፣ እንጀራችንን በልተን ቡናችንን ጠጥተን እንግባ።

የቀድሞው ሊቀመንበር፦ ይህ ነው ቁም ነገር! የምግብ ኮሚቴውን እኔ እይዛለሁ።

ሒሳብ ያዥ፦ የአዳራሹ ኪራይ ከልጆቹ ድጎማ ላይ ይቀነሳል ማለት ነው።

ጸሐፊ፦ ረቂቁን አስተካክያለሁ፦ ቀኑ ሐምሌ፣ ጠዋት በአዳራሽ ምሳ፣ መርከቡ ወደፊት የሚወሰን።

የመንትዮቹ እናት፦ የኦቾሎኒውን ጉዳይ ማን ይጠይቅልኛል?

ከአሌክሳንድሪያ፦ ለምሳው ስንት እንጀራ ይታዘዝ?