ክርክር፦ የጊንቲንግን ሦስተኛ ጌም የሚበላው ማን ነው?

አወያይ፦ ኢንዶኔዥያዊው የባድሚንተን ተጫዋች አንቶኒ ሲኒሱካ ጊንቲንግ በ2017 ኮሪያ ኦፕንን፣ በ2018 ቻይና ኦፕንን፣ በ2022ና በ2023 ሲንጋፖር ኦፕንን ወስዷል። በ2023 ዱባይ ላይ የእስያ ሻምፒዮን ሆኗል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ያገኘው ነሐስ ከ2004 ወዲህ ኢንዶኔዥያ በወንዶች ነጠላ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅና የታዋቂው የእንግሊዝ ውድድር የኦል ኢንግላንድ ዋንጫ ግን የሉትም። ጨዋታን የሚያሸንፈው እስከ 21 ነጥብ ከሚሄዱ ሦስት ጌሞች ሁለቱን የወሰደ ነው፤ የእሱ ከባዶቹ ሽንፈቶች ብዙ ጊዜ የሚመጡት በሦስተኛው ጌም ነው። ጥፋቱ የሰውነቱ ነው፣ የአጨዋወቱ ወይስ የውድድር መርሐ ግብሩ? ማስረጃ ይዛችሁ ግቡ።

ባለ ራኬት፦ እኔ ሰውነቱ ነው ባይ ነኝ። ቁመቱ 171 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ዴንማርካዊው አክሰልሰን 194 ነው። የነጠላ ሜዳ ወርዱ 5.18 ሜትር፣ የአንዱ ወገን ርዝመት 6.70 ሜትር ነው። ረጅሙ ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስባትን ኳስ አጭሩ አንድ እርምጃ ጨምሮ ወይም ዘሎ ነው የሚያገኛት። ያቺ ትርፍ እርምጃ በአንድ ጨዋታ መቶ ጊዜ ትደጋገማለች። የ2018ቱን የእስያ ጨዋታዎች የቡድን ፍጻሜ አስታውሱ። ጃካርታ፣ ኢስቶራ ሴናያን አዳራሽ፣ ከቻይናዊው ሺ ዩቺ ጋር። የመጀመሪያውን ጌም ወሰደ፣ ሁለተኛውን ለጥቂት አጣ፣ በሦስተኛው መጨረሻ ነጥቦች ላይ ጡንቻው ተኮማትሮ መቆም አቃተው፤ ጨዋታውንም አቋርጦ ተሸነፈ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቀኝ ጥግ፦ ወንድሜ፣ እዚያ ላይ ብታቆም ነው እንጂ አያዋጣህም። በዚያው ውድድር፣ ከዚያው ጨዋታ በኋላ፣ በግል ውድድሩ ጃፓናዊውን ሞሞታንና ቻይናዊውን ቼን ሎንግን ሁለቱንም 2 ለ 0 አሸንፏል። አንድ ወር ቆይቶ ቻንግዡ ላይ የቻይና ኦፕን መጣ። ሊን ዳንን በሦስት ጌም፣ አክሰልሰንን በሁለት፣ ቼን ሎንግን በሦስት፣ ቾው ቲየን ቼንን በሦስት፣ በፍጻሜው ሞሞታን 23ለ21 እና 21ለ19። በስድስት ቀን አምስት ጨዋታ፣ 13 ጌም። ሦስት ጊዜ ሦስተኛ ጌም ገባ፣ ሦስቱንም አሸነፈ። ከተጋጣሚዎቹ ሁለቱ የኦሊምፒክ ወርቅ የነበራቸው፣ አንዱ የወቅቱ የዓለም ሻምፒዮን ነበሩ። ትንፋሽ የሌለው ሰው ይህን አያደርግም።

ፊዚዮዋ፦ ሁለታችሁም ክራምፕን (የጡንቻ መኮማተርን) እና የትንፋሽ አቅምን አንድ አድርጋችሁ ነው የምትከራከሩት። ክራምፕ የሚይዘው በአብዛኛው ከልክ በላይ የደከመ ጡንቻ ነው። ከነርቭ የሚመጣለት ትእዛዝ ይዛባና ጡንቻው ከተሸበሸበበት አይፈታም። ባትና የጭን ኋላ ጡንቻ ቀድመው የሚያዙት ሁለት ሁለት መጋጠሚያ አቋርጠው ስለሚሠሩ ነው። በላብ የሚወጣው ጨው ነገሩን ያባብሳል፤ ብቻውን ግን ሁልጊዜ ምክንያት አይሆንም። ረጅም ጨዋታ ያለበት ተጫዋች በሊትር ከግማሽ ግራም እስከ 0.7 ግራም ሶዲየም ያለው መጠጥ እንዲይዝ ይመከራል። ውሃ ብቻ መጋት ግን ሆድ ይሞላል እንጂ የወጣውን ጨው አይመልስም።

ሌላው መነሣት ያለበት ደንቡ ነው። ባድሚንተን ውስጥ ጡንቻው ለተያዘ ሰው ተብሎ ጨዋታ አይቆምም። ያለው 11 ነጥብ ላይ 60 ሰከንድ፣ በጌሞች መካከል 120 ሰከንድ ብቻ ነው። የሚረጨው ማቀዝቀዣ ሕመሙን ለጥቂት ነጥቦች ያደነዝዛል፤ የደከመውን ጡንቻ አያሳርፍም። የቡድን ፍጻሜ ደግሞ፣ በገዛ ሕዝብህ ፊት፣ የመጀመሪያውን ጨዋታ አንተ ስትከፍት፣ ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምሮ ጉልበት ሳትሰስት ነው የምትገባው። ስለዚህ ከ2018ቱ ክስተት ተነሥቶ «ሰውነቱ ደካማ ነው» የሚለው ፍርድ ትክክል አይመስለኝም።

ቀኝ ጥግ፦ አመሰግናለሁ እህቴ። እኔ ወደ ጓንግዡ ልውሰዳችሁ፣ የ2019ኙ የዓመቱ መዝጊያ ፍጻሜ። ከሞሞታ ጋር የመጀመሪያውን 21ለ17 ወሰደ፣ ሁለተኛውን 17ለ21 ሰጠ፣ በሦስተኛው 12ለ5 እየመራ ነበር። ያለቀው 14ለ21 ነው። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እሱ 2 ነጥብ፣ ሞሞታ 16። ይህ የእግር ድካም ብቻ ቢሆን ኖሮ 12ለ5 መምራትም ባልቻለ ነበር።

ዳኛው፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። በመጨረሻው ጌም መሪው 11 ሲደርስ ጎን ይቀየራል። ስለዚህ ጊንቲንግ 12ለ5 የደረሰው ከተቀየረ በኋላ ገና በመጀመሪያዎቹ ነጥቦች ላይ ነው፤ ውድቀቱ በሙሉ በአዲሱ ጎን የመጣ ነው። አምስት ግራም ገደማ የምትመዝን ባለ 16 ላባ ኳስ በትልቅ አዳራሽ ውስጥ የማቀዝቀዣው አየር እንደሚገፋት የማያውቅ የለም። አየሩ ከኋላህ ሲሆን፣ ቅድም መስመር ላይ ያርፍ የነበረው ከፍ ያለ ምት ያልፋል። መፍትሔው ክንድ ማሳጠር፣ ኳሷን ከመስመሩ ግማሽ ሜትር አስቀርቶ ማሳረፍና ቁልቁል መምታት ማብዛት ነው። ከፊትህ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒው፦ ሙሉ ክንድ ካልመታህ መሃል ሜዳ ትወድቅና ስማሽ (ቁልቁል የሚመታ ኃይለኛ ምት) ትጋብዛለህ። ይህን ማስተካከያ በሁለት ነጥብ ውስጥ ያልጨረሰ ሰው አምስት ነጥብ ይከፍላል።

ቀኝ ጥግ፦ ልክ ነው፣ እኔም «አጨዋወቱ ነው» የምለው ለዚህ ነው። የጊንቲንግ ሀብቱ ጊዜ መቀማት ነው። ኳሷን መረቡ አናት ላይ ቀድሞ ይነካታል፣ እያሽከረከረ ይጥላታል፣ ተጋጣሚው ሲያነሣለት ዘሎ ይመታል። ይህ ሰንሰለት ሲሠራ ቆሞ የሚያይህ እንኳ ትንፋሹ ይቆማል። ሞሞታ ያገኘው መልስ ግን ቀላል ነበር፦ መረብ ላይ መወዳደሩን ትቶ ወደ ሁለቱ የኋላ ጥጎች ማንሣት፣ «ምታ» ማለት። አንዱ ስማሽ ቢመለስ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ቢመለስ ሦስተኛው። ጊንቲንግ ሦስተኛውን የሚመታው ኳሷ ከሰውነቱ ኋላ ሆና፣ በግማሽ ዝላይ ነው። ኳሷ መረብ ትነካለች ወይም ከጎን ትወጣለች። የጎደለው ሳያጠቃ ነጥብ የሚያቆይበት ምት ነው፤ ከኋላ ጥግ ለስላሳ ጣል አድርጎ ወደ መሃል የሚመለስበት። 12ለ5 የሚመራ ሰው መቸኮል የለበትም።

ባለ ራኬት፦ እሺ፣ 2018ን እተዋለሁ፤ ፊዚዮዋ አሳምናኛለች። ግን «ሦስተኛውን ስማሽ ኳሷ ከሰውነቱ ኋላ ሆና ይመታል» ያልከው ራሱ የእኔ ነጥብ ነው። ቁመት ያለው ሰው ያቺን ኳስ ከፊቱ ነው የሚያገኛት። በ2023ቱ የኢንዶኔዥያ ኦፕን ፍጻሜ አክሰልሰን 21ለ14 እና 21ለ13 ሲያሸንፈው ሦስተኛ ጌም እንኳ አላስፈለገም።

ቀን ቆጣሪ፦ ያንን ፍጻሜ ስታነሣ ቀኑንም አብረህ አንሣ። ያ ጨዋታ ጁን 18 ነው። ጊንቲንግ ጁን 11 ሲንጋፖር ላይ ዴንማርካዊውን አንቶንሰንን 21ለ16 እና 21ለ13 አሸንፎ ዋንጫ አንሥቶ ነበር። ለዋንጫ አምስት ጨዋታ፣ በረራ፣ እንደገና አምስት ጨዋታ ለፍጻሜ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ።

ይህን ያመጣው ደንቡ ነው። ከ2023 ጀምሮ በዓለም ደረጃ በነጠላ ከ1ኛ እስከ 15ኛ ያለ ተጫዋች በዓመት 12 ውድድር የመገኘት ግዴታ አለበት፦ አራቱም ሱፐር 1000 (ቁጥሩ የውድድሩን ደረጃ ያሳያል)፣ ስድስቱም ሱፐር 750፣ ከሱፐር 500 ሁለት። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ 5,000 ዶላር ይቀጣል። በ2026 አንቶንሰን በዴልሂ የአየር ብክለት ምክንያት ሕንድ ኦፕንን ሲተው ተቀጥቷል። በዚህ ላይ የወንዶች ቡድኖች የሚወዳደሩበትን የቶማስ ዋንጫን፣ የእስያ ሻምፒዮናን፣ የዓለም ሻምፒዮናን ደምሩ። ሰንሰለቱን በጉልበት የሚጎትት ተጫዋች በዚህ መርሐ ግብር መቼ ሄዶ ነው ያንን ለስላሳ ምት የሚለማመደው? አዲስ ልማድ የሚተከለው ውድድር በሌለበት ስድስት ሰባት ሳምንት ነው፤ እንደዚያ ያለ ባዶ ሳምንት ደግሞ የለም።

ባለ ራኬት፦ ደንቡ ለሁሉም እኩል ነው። ጆናታን ክሪስቲም በዚያው ደንብ ነው በ2024 ኦል ኢንግላንድን የወሰደው፣ ያውም በፍጻሜው ጊንቲንግን 21ለ15 እና 21ለ14 አሸንፎ። ከ1994 ወዲህ ሁለት ኢንዶኔዥያውያን የተገናኙበት የመጀመሪያው የኦል ኢንግላንድ የወንዶች ነጠላ ፍጻሜ ነበር።

ቀን ቆጣሪ፦ ደንቡ እኩል ነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋ ግን እኩል አይደለም። ክሪስቲ ነጥቡን ትንሽ በትንሽ የሚገነባ፣ ኳስ የሚያቆይ ሰው ነው። በ2025 ከቺፓዩንግ፣ ከብሔራዊ ቡድኑ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ ወጥቶ በግሉ ሲሠለጥን የኮሪያና የዴንማርክ ኦፕኖችን አሸነፈ። ሆኖም በግል መሄድ ከ12ቱ ግዴታ ነጻ አያወጣም፤ የሚቀየረው በመካከል ያሉትን ሳምንታት ማን እንደሚያዝባቸው ነው።

አወያይ፦ በ2025 የተሞከረው ባለ 15 ነጥብ ጌም ለጊንቲንግ ይጠቅመዋል?

ቀኝ ጥግ፦ እንደ እኔ አዎ። አጭር ጌም ለሚቀማ ሰው ይመቻል።

ዳኛው፦ እኔ እጠራጠራለሁ። 15 ላይ የሚያልቅ ጌም ውስጥ በጎን ለውጥ አምስት ነጥብ ያጣ ሰው የሚመለስበት ጊዜ የለውም።

ፊዚዮዋ፦ ለእኔ አሳሳቢው ትከሻው ነው። በ2025 መጀመሪያ በትከሻ ጉዳት ለወራት ከውድድር ርቋል። ቀኝ ጥግ የገለጸው ከጭንቅላት ኋላ የሚመታ ሦስተኛ ስማሽ የትከሻ ማዞሪያ ጅማቶችን በጣም የሚጫን አመታት ነው፤ ክንዱ ተዘርግቶ፣ ደረቱ ወደ ኋላ ተለጥጦ፣ ኃይሉ ሁሉ በትናንሾቹ ጡንቻዎች ላይ ያርፋል። በላስቲክ ክንድን ወደ ውጭ የማዞር ልምምድ፣ በቀን ሦስት ዙር አሥራ አምስት አሥራ አምስት፣ ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አመታቱን አይቀይርም። አመታቱ የሚቀየረው እግሩ ቀድሞ ከኳሷ ኋላ ሲደርስ ነው። ስለዚህ ባለ ራኬት ስለ እርምጃው፣ ቀኝ ጥግ ስለ ምቱ፣ ቀን ቆጣሪ ስለ ሳምንቱ የተናገራችሁት በዚህች አንዲት መጋጠሚያ ላይ ይገናኛል። አሠልጣኙ እኔ ብሆን መጀመሪያ የምቆርጠው ከልምምዱ ውስጥ የሙሉ ኃይል ስማሹን ቁጥር ነው፤ በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ እንዳይሆን፣ ውድድር ባለበት ሳምንት ደግሞ ጨርሶ እንዳይኖር።

ባለ ራኬት፦ በዚህ ላይ አልከራከርሽም። ግን የእግሩን ልምምድ ብትጨምሪበት፤ ከመሃል ወደ ኋላ ቀኝ ጥግ፣ ያለ ኳስ፣ 20 ጊዜ፣ በየዙሩ 30 ሰከንድ እረፍት።

ፊዚዮዋ፦ 20 ይበዛል፤ ከ12 በኋላ እግሩ መዘግየት ይጀምርና የተሳሳተውን እርምጃ ነው የሚለማመደው።