ያን የግሉኮስ ውሃ መጠጣት አቃተኝ፤ የእርግዝና ስኳርን በሌላ መንገድ መመርመር ይቻላል?

ጥያቄ፦ ከ«ሁለተኛዬን ጠባቂ»

ሰላም እናቶች። 26ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሰሞኑን ለእርግዝና ስኳር ምርመራ በባዶ ሆዴ ሄጄ መጀመሪያ ደም ቀዱኝ፣ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ የተበጠበጠበትን ውሃ ሰጡኝ። እንደምንም ጨረስኩት። ግን ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይቆይ ሁሉንም አስመለስኩት። «ካስመለስሽ አይቆጠርም፣ ሌላ ቀን ነይ» ብለው ሸኙኝ። አሁን ስሙ ሲነሳ ራሱ አፌን ምራቅ ይሞላዋል።

ልተወው እንዳልል ደግሞ እፈራለሁ፤ የመጀመሪያ ልጄ 4 ኪሎ ተኩል ሆና ነው የተወለደችው፣ እናቴም ስኳር አለባት። በከረሜላ ወይም በጁስ ይሠራል የሚሉ ሰማሁ። የሦስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው የደም ምርመራስ አይበቃም? ወይስ መለኪያ ገዝቼ ቤቴ ጣቴን እየወጋሁ ልከታተል? የሐኪም ቀጠሮዬ ደርሷል፤ ምን ብዬ እንደምጠይቅ አውቄ ልግባ ብዬ ነው።

መልስ፦ ከ«የመንታ እናት»

አይዞሽ እህቴ፣ በብዙዎቻችን ደርሷል። ሌላ አማራጭ ከመፈለግሽ በፊት ግን ዘዴውን ቀይረሽ አንዴ ብትሞክሪው ጥሩ ነው። እኔን የረዳኝ በደንብ የቀዘቀዘ እንዲሰጡኝ መጠየቄ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጣፋጭነቱ ያን ያህል አይሰማም። በስትሮ ጠጪው፤ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ አትጨልጪው። እስከ አምስት ደቂቃ ጊዜ አለሽ፣ ትንሽ እየጠጣሽ ትንሽ እያረፍሽ ጨርሺው። ከዚያ ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ኮሪደሩ ላይ አትንጎራደጂ፤ ጡንቻ ሲንቀሳቀስ ስኳሩን ስለሚጠቀምበት ውጤቱን ያዛባዋል።

ማስመለስ የሚከላከል መድኃኒት ቀደም ብለሽ መውሰድ ትችዪ እንደሆነ ሐኪምሽን ጠይቂ። ሎሚ ጠብ ማድረግ የሚፈቅዱ አሉ፣ ሳትጠይቂ ግን ምንም አትጨምሪበት። የመጨረሻው ደም እንደተቀዳ የምትቀምሺው ነገር ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር።

መልስ፦ ከ«ሦስት ወልጄ»

ምን አስጨነቀሽ? ጣፋጭ የማታበዢ ከሆነ ስኳሩ ከየት ይመጣል? እኔ ሦስቱንም ሳልመረመር ነው የወለድኩት፣ ሁሉም ደህና ናቸው።

መልስ፦ ከ«አዋላጅ ነርስ»

«ሦስት ወልጄ»፣ ልጆችሽ ደህና በመሆናቸው ደስ ብሎኛል፤ ያድጉልሽ። ነገር ግን የእርግዝና ስኳር ጣፋጭ በመብላት ብቻ የሚመጣ አይደለም። እንግዴ ልጁ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ኢንሱሊን እንደ ልቡ እንዳይሠራ ያደርጉታል። ይህ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ስለሚበረታ ነው ምርመራው በአብዛኛው ከ24 እስከ 28 ሳምንት ባለው ጊዜ የሚደረገው። የብዙ ሴቶች ቆሽት ተጨማሪ ኢንሱሊን አምርቶ ይቋቋመዋል። የማይቋቋመውም ቢሆን ሴቲቱ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማት ነው። ስኳሩ ወደ ጽንሱ ይሻገራል፣ የእናትየው ኢንሱሊን ግን አይሻገርም፤ ስለዚህ ልጁ የራሱን ኢንሱሊን ያበዛና ይወፍራል። ሲወለድ ትከሻው ሊያዝ፣ ከተወለደ በኋላም ስኳሩ ድንገት ሊወርድበት ይችላል። እናቲቱንም ለደም ግፊት ያጋልጣታል። እንደ ጠያቂዋ ትልቅ ልጅ የወለደችና በቤተሰቧ ስኳር ያለባት ሴት ይህን ምርመራ ባትዘለው ይሻላል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ እህቴ። ከመጠጣትሽ በፊት ደም ቀድተውኛል ብለሻል። የዚያ ውጤት የት ደረሰ? መጠጡን ብታስመልሺውም ያ ደም የተቀዳው ቀድሞ ስለሆነ ውጤቱ ዋጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መስፈርት የ75 ግራሙ ምርመራ ሦስት ወሰኖች አሉት፦ በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር። በሌላው መለኪያ ለሚነግሯችሁ 5.1፣ 10.0 እና 8.5 ሚሊሞል በሊትር ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ወሰኑ ላይ ከደረሰ የእርግዝና ስኳር ይባላል። ሐኪምሽ በዚህ መስፈርት የሚሠራ ከሆነና የባዶ ሆድሽ 92 ወይም ከዚያ በላይ ከወጣ፣ መጠጡን የምትደግሚበት ምክንያት የለም፤ መልሱ ተገኝቷል። ከ92 በታች ከሆነ ግን ነጻ ነሽ ማለት አይደለም፤ በባዶ ሆድ ደህና ሆኖ ሲበሉ ብቻ ከፍ የሚልባቸው ሴቶች አሉ። ደውለሽ ጠይቂና ንገሪን።

መልስ፦ ከ«ከረሜላ በልቼ»

እኔ በከረሜላ ነው የተመረመርኩት፤ ሐኪሜም ተስማምቶ ነው። አላቅለሸለሸኝም፣ ውጤቴም ጥሩ ነበር። ለምን ለሁሉም እንደማያደርጉት አይገባኝም።

መልስ፦ ከ«ላብራቶሪ ባለሙያ»

የከረሜላው ነገር ከሜዳ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ውስጥ ጄሊ ቢን የሚባለውን ከረሜላ 28 ፍሬ በማስበላት በሁለት ደረጃ የሚሠራው ምርመራ መጀመሪያ ላይ በሚሰጠው የ50 ግራም ግሉኮስ መጠጥ ምትክ ሞክረውታል፤ ሴቶቹም ከመጠጡ ይልቅ ከረሜላው ተመችቷቸው ነበር። ልብ በሉ ግን፣ የተሞከረው ለ50 ግራሙ የማጣሪያ ምርመራ እንጂ ለ75 ግራሙ አይደለም። እንዲህ ያሉት ጥናቶችም ጥቂት ሴቶችን ብቻ የያዙ ናቸው። ስኳር ያለባትን ሴት «ደህና ነሽ» ብሎ የማሳለፍ ዕድሉ ያሳስባል፤ ጠያቂዋን የመሰለች ተጋላጭ ሴት ከሆነች ደግሞ የባሰ ያሳስባል።

ከጀርባው ያለው ምክንያት ቀላል ነው። 92፣ 180 እና 153 የሚሉት ቁጥሮች የወጡት በሺዎች የሚቆጠሩ ነፍሰ ጡሮች ልክ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥተው፣ ከልጆቻቸው አወላለድ ጋር ተነጻጽሮ ነው። ሌላ ነገር በልተሽ ደምሽን ብታስለኪ ቁጥር ማግኘትሽ አይቀርም፣ ግን ከየትኛው ወሰን ጋር ታነጻጽሪዋለሽ? ተራው ስኳር ሲፈጭ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ፍሩክቶሱ በአብዛኛው ጉበት ውስጥ ስለሚቀር የደም ግሉኮስን ብዙም አያነሳውም። ጁስም፣ ለስላሳም፣ ማርም የሁለቱ ድብልቅ ናቸው። 75 ግራም ስኳር ያለው ጁስ ጠጥታ የተለካች ሴት በግሉኮስ በኩል የወሰደችው ግማሹን ያህል ነው። ውጤቷ ቢያምር ምን ይደንቃል?

ንጹሕ ግሉኮሱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዱቄቱ ውሃ ያዘለና ያላዘለ ተብሎ ሁለት ዓይነት ነው፤ ውሃ ያዘለው ከሆነ 75 ግራም ግሉኮስ ለማግኘት 82.5 ግራም መመዘን አለበት። ቤት ውስጥ በማንኪያ ሰፍራችሁ አትሞክሩት የምለው ለዚህ ነው። የሚያስጠላችሁ የታሸገው መጠጥ ቀለምና ማጣፈጫ ከሆነ ግን ንጹሕ ዱቄቱ ከ250 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ተበጥብጦ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ያው ምርመራ ነው፣ ቀለም የለውም እንጂ። አማራጭ ከሚፈልጉት ውስጥ የብዙዎቹ ችግር እዚሁ ላይ የሚፈታ ይመስለኛል።

መልስ፦ ከ«ሁለተኛዬን ጠባቂ» (ጠያቂዋ)

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ደወልኩ፤ የባዶ ሆዴ 88 ነው አሉኝ። ደስ ይበለኝ ወይስ አይበለኝ አላውቅም። ሲስተር፣ ስለ ሦስት ወሩ አማካይ የጠየቅኩትን ግን አልመለሱልኝም። እሱን ብቻ ብሠራ ምን ችግር አለው? ጾምም የለው፣ መጠጥም የለው።

መልስ፦ ከ«አዋላጅ ነርስ»

88 ጥሩ ነው፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። የሦስት ወር አማካይ የምትዪው ሄሞግሎቢን ኤ-ዋን-ሲ በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ጥሩ ያገለግላል፤ ያን ጊዜ 6.5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ስኳሩ ከእርግዝናው በፊትም እንደነበረ ይጠረጠራል። አሁን ላለሽበት ጊዜ ግን ደካማ ነው። ምርመራው ቀይ የደም ሴል ላይ የተጣበቀውን ስኳር ነው የሚለካው። በእርግዝና ጊዜ የቀይ ደም ሴል ዕድሜ ስለሚያጥር፣ አሮጌው በአዲስ ስለሚተካ፣ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ይታያል። የብረት እጥረት ያመጣው ደም ማነስ ካለ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። በዚያ ላይ የእርግዝና ስኳር ከጀመረ ገና ሳምንታት ቢሆነው ነው፤ የሦስት ወር አማካይ ውስጥ ይዋጣል። የሽንት ምርመራም እንዲሁ አያስተማምንም፤ ነፍሰ ጡር ሴት ደሟ ደህና ሆኖም ሽንቷ ውስጥ ስኳር ሊገኝ ይችላል።

ለአንቺ ሐኪምሽ ጋ የሚነሱ ሦስት መንገዶች ይታዩኛል። አንደኛው ያንኑ 75 ግራም «የመንታ እናት» እንዳለችው አድርጎ መድገም ነው። ሁለተኛው በሁለት ደረጃ የሚሠራው ምርመራ ነው፤ መጀመሪያ 50 ግራም ብቻ፣ ያለ ጾም፣ አንድ ጊዜ ደም ከአንድ ሰዓት በኋላ። ሆድሽ ባዶ ስላልሆነና መጠኑም ስላነሰ ሊቀልልሽ ይችላል። ችግሩ፣ ውጤቱ እንደየተቋሙ ከተቀመጠው ከ130 እስከ 140 ያለ ወሰን ካለፈ 100 ግራም ጠጥቶ ሦስት ሰዓት መቀመጥ ይከተላል፤ ያን ጊዜ ከድጡ ወደ ማጡ እንዳይሆንብሽ አስቢበት። ሦስተኛው ራስሽ ያነሳሽው፣ ቤት ውስጥ መለካት ነው። መጠጡን በፍጹም ለማይችሉ እኔ የምደግፈው እሱን ነው።

መልስ፦ ከ«ጨጓራዬን አስቀንሼ»

ሦስተኛውን መንገድ እኔ አድርጌዋለሁ። ከማርገዜ በፊት ለክብደት ብዬ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አስቀንሻለሁ፤ እንደኔ ያለ ሰው ያን መጠጥ ቢጠጣ ስኳሩ ባንዴ ወደ አንጀት ይወርድና ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ተቅማጥ፣ ከዚያም የስኳር መውረድ ያመጣበታል። ስለዚህ ሐኪሜ መጠጡን ከነጭራሹ ከለከለኝና ለአንድ ሳምንት ያህል በየቀኑ አራት ጊዜ እንድለካ አዘዘኝ፦ ጠዋት ከመብላቴ በፊት፣ ከዚያ ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት በኋላ። ጣት መወጋቱ ይለመዳል። የጣቱን መሃል ሳይሆን ጠርዙን ውጊው፣ ብዙም አያምም። አሰልቺው መጻፉ ነው፤ ግን ሐኪሙ የሚያየው ያን ወረቀት ነውና የበላሽውንም አጠገቡ ጻፊ።

መልስ፦ ከ«ላብራቶሪ ባለሙያ»

ትንሽ ልጨምር። የቤት መለኪያ ከላብራቶሪ ውጤት እስከ 15 በመቶ ወዲህ ወዲያ ቢል ተቀባይነት አለው፤ ስለዚህ አንድ ቁጥር ከፍ አለ ብለሽ አትደንግጪ፣ ተደጋግሞ የሚታየውን ነው ማየት። ከመወጋትሽ በፊት እጅሽን በሳሙና ታጠቢና በደንብ አድርቂው። ብርቱካን ልጦ ሳይታጠብ የተለካ ጣት ደሙ ውስጥ የሌለ ስኳር ያሳያል። ደሙ የሚነካባቸው የመለኪያው ወረቀቶች (ስትሪፕ) ያሉበት ጠርሙስ ክዳን ክፍት አይደር፤ እርጥበት ያበላሻቸዋል።

መልስ፦ ከ«ሁለተኛዬን ጠባቂ» (ጠያቂዋ)

ቤት መለካቱን ሐኪሜን ልጠይቀው ወስኛለሁ። ሲስተር፣ ስንት ሲሆን ነው «ከፍ አለ» የሚባለው? ደግሞ በዚያ ሳምንት ዳቦና ሩዝ ልቀንስ? ሰዓቱስ የሚቆጠረው በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው?

መልስ፦ ከ«አዋላጅ ነርስ»

አትቀንሺ። እንደወትሮሽ ብዪ። ምግብሽን አሳምረሽ ብትለኪ የምታዪው የዚያን ሳምንት ጥንቃቄሽን ነው፤ የሚፈለገው ደግሞ ሰውነትሽ የተለመደውን ምግብ እንዴት እንደሚያስተናግድ ነው። የ75 ግራሙን ለመድገም ብትወስኚም እንዲሁ ነው፤ ከምርመራው በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ዳቦና ሩዝን የሸሸች ሴት ስኳር ሳይኖርባት ውጤቷ ከፍ ሊል ይችላል።

በባዶ ሆድ ከ95 በታች፣ ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ከ120 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው። ከሁለቱ ሰዓቶች አንዱን ምረጪና እሱኑ ይዘሽ ቀጥዪ። እነዚህ ቁጥሮች ግን የእርግዝና ስኳር ያለባቸው ሴቶች የሚከታተሉባቸው ግቦች ናቸው። «ቁጥሩ ከግቡ በላይ ይህን ያህል ጊዜ ከወጣ በሽታው አለ» የሚል ሁሉም የተስማማበት ወሰን ለቤት ልኬት የለም፤ ስለዚህ ወረቀቱን አይቶ የሚፈርደው ሐኪምሽ ነው። ሳምንቱ ደህና ቢያልፍም 30ኛው ሳምንት ካለፈ በኋላ መደገም ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቂው፣ የሆርሞኑ ጫና ገና ይጨምራልና። የጽንስ ሳንባ ማጎልበቻ መርፌ ከታዘዘልሽ ደግሞ ለጥቂት ቀናት የደም ስኳርን ከፍ ስለሚያደርግ ያን ሰሞን የለካሽውን ለይተሽ ምልክት አድርጊበት።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ከመጀመሪያዋ ጉርሻ ነው፣ ጨርሰሽ ከተነሳሽበት አይደለም። መብላት ስትጀምሪ ስልክሽ ላይ ደወል ሙዪ።