ቼኩን ባንክ ላስገባ ወይስ ልክሰሰው? አስቸኳይ ነው!

ተከራይዋ፦
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ባንኩ ሳይዘጋ መወሰን አለብኝ። ቤቱን ስከራይ 2,200 ዶላር ማስያዣ ከፍዬ ነበር። አከራዩ ዛሬ የ300 ዶላር ቼክ በፖስታ ላከልኝ። ቀሪው 1,900 ዶላር ለምንጣፍና ለቀለም ዋለ ይላል፤ ደረሰኝ የለ፣ ዝርዝር የለ። ቼኩ ላይ ከታች በኩል በእንግሊዝኛ «የማስያዣው ሙሉና የመጨረሻ ክፍያ» ብሎ ጽፎበታል። ጓደኛዬ ሕጉ ሦስት እጥፍ ያስከፍለዋል ስላለችኝ 6,600 ዶላር ልጠይቀው ነው። የክሱን ቅጽ መሙላት ጀምሬ ከ5,000 ዶላር በላይ ነው ወይስ በታች የሚለው ላይ ስደርስ ቆምሁ። የቱን ልምረጥ? ቼኩንስ ላስገባው? የመብራት ሂሳብ አለብኝ፤ 300 ዶላሯም ታስፈልገኛለች።

ሹፌሩ፦
300 መለሰልሽ? ደግ ሰው ነው! የእኔው አከራይ ግድግዳው ላይ ያሉትን የሚስማር ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ቆጥሮ ሂሳብ ነበር የላከልኝ።

የሰላም እናት፦
አይዞሽ እህቴ። የምትኖሪው የት ነው? የአነስተኛ ክስ (ቀለል ባለ ሥርዓት የሚታይ ክስ) ጣሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር፣ በዲሲ ደግሞ 10,000 ነው። ቤቱን የለቀቅሽውስ መቼ ነው?

ተከራይዋ፦
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ከለቀቅሁ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። አዲሱን አድራሻዬን በጽሑፍ ሰጥቼዋለሁ።

ቁጡው፦
ይህ እኮ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው! በሜሪላንድ የተሰረቀው 1,500 ዶላር ከደረሰ ከባድ ወንጀል ነው፤ እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። ምን ፍርድ ቤት አስኬደሽ? ፖሊስ ጥሪበት!

ታዛቢው፦
ወንድሜ፣ ቁጥሩስ ልክ ነው። ከ1,500 እስከ 25,000 ዶላር ድረስ አምስት ዓመት፣ ከዚያ እስከ 100,000 ዶላር አሥር ዓመት፣ 100,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሃያ ዓመት ነው ጣሪያው። ቨርጂኒያ ደግሞ ከባዱን ስርቆት ከ1,000 ዶላር ይጀምራል፤ እስከ 2018 ድረስ 200 ዶላር ስለነበረ አንድ የእጅ ስልክ የሰረቀ ሁሉ በከባድ ወንጀል ይከሰስ ነበር። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሠራው ስርቆት መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ማስያዣውን በውል ተቀብሎ «ለጥገና ቀነስሁ» የሚል አከራይ ላይ ፖሊስ የሚልሽ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ሂጂ።

ቁጡው፦
ሀብታም ሲሰርቅ የፍትሐ ብሔር፣ ድሀ ሲሰርቅ የወንጀል። ገባኝ።

ጋሽ ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ ነገሩን ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል። በሕግ ዓለም ገንዘብ መጠን ብቻ ሳይሆን በርም ነው፤ በየትኛው ችሎት እንደምትቆሙ የሚወስነው እሱ ነው። በ1791 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ሰባተኛ ማሻሻያ፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት የክርክሩ ዋጋ ከሃያ ዶላር ከበለጠ በዳኞች ጉባኤ (በጁሪ፣ ማለትም ከሕዝቡ በተመረጡ ተራ ሰዎች) የመዳኘት መብት ይጠበቃል ይላል። ሃያ ዶላር! ያ ቁጥር ዛሬም አልተነካም። ሜሪላንድ ግን በራሷ ፍርድ ቤቶች ይህን መብት የምትሰጠው ከ25,000 ዶላር በላይ ለሆነ ክርክር ነው፤ በ2022 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ከ15,000 ያሳደገው ነው። ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የፍትሐ ብሔር ሥልጣን ከ500,000 ብር ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሏል። ይህም የሚያሳየው...

የሰላም እናት፦
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎ፤ ልጅቷ ግን ባንክ በር ላይ ቆማለች።

ብልኋ፦
ምን ያስጨንቃል? «ሙሉና የመጨረሻ» የሚለውን በእስክርቢቶ ሰርዢና ገንዘቡን አስገቢ። ከዚያ ክሰሺው።

የጠበቃ ረዳቷ፦
በፍጹም! መሰረዙ አያድንሽም። እኔ የጠበቃ ቢሮ ሠራተኛ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህንን ግን በየጊዜው አየዋለሁ። በሁለታችሁ መካከል ስለ መጠኑ እውነተኛ ክርክር ካለና ቼኩ ላይ ሙሉ ክፍያ መሆኑ ጎልቶ ከተጻፈ፣ አስገብተሽ መመንዘርሽ ጉዳዩን በ300 ዶላር ጨርሰሻል ሊያሰኝ ይችላል። ቼኩን የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ አንሺው፤ ፖስታውን ማኅተሙ እንደሚታይ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ቼኩን ግን አትንኪው። የመብራቱን ሂሳብ በሌላ መንገድ ብትከፍዪ ይሻልሻል።

አሁን ወደ ቅጹ። በሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ለጉዳት ገንዘብ ቀንሶ ማስቀረት ከፈለገ በ45 ቀን ውስጥ የጉዳቱን ዝርዝር ከነወጪው በፖስታ መላክ አለበት። ካልላከ ለጉዳት ብሎ የመቀነስ መብቱን ያጣል። ያለ በቂ ምክንያት በ45 ቀን ውስጥ ያልመለሰውን ደግሞ እስከ ሦስት እጥፍና ተገቢውን የጠበቃ ወጪ ሊከፍል ይችላል።

ተጠራጣሪው፦
«ሊከፍል ይችላል» እንጂ ይከፍላል አይደለም። ሦስት እጥፉ ጣሪያ ነው። ዳኛው የተቀነሰውን ብቻ አስመልሶ ሊያሰናብትሽ ይችላል። ደግሞ ለምን 6,600? የተያዘብሽ 1,900 ነው፤ ሦስት እጥፉ 5,700 ነው። በዚያ ላይ ምንጣፉ በእርግጥ ተቃጥሎ ቢሆንስ? ጥያቄዋን የጻፈችው እሷ ብቻ ናት፤ አከራዩን የሰማው የለም።

ተከራይዋ፦
ምንጣፉ አልተቃጠለም! ስገባም ያረጀ ነበር። የገባሁበት ቀን ያነሳሁት ቪዲዮ አለኝ።

የጠበቃ ረዳቷ፦
ቪዲዮው ካለሽ ጥሩ ነው። በመኖር ብዛት የሚመጣ እርጅና ከማስያዣ አይቀነስም። በስሌቱ ላይ የወንድማችን ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ቼኩ የወጣው ከ45 ቀን በኋላ ከሆነ በዚያ ቀን ያልተመለሰው 2,200ው በሙሉ ነበር ብለሽ መከራከር ትችያለሽ። ፖስታው ላይ ያለው ቀን የሚጠቅምሽ ለዚህ ነው። ዞሮ ዞሮ ሁለቱም ስሌት ከ5,000 ያልፋል።

ተከራይዋ፦
ታዲያ ሁለት ክስ አድርጌ ከፍዬ ብጠይቅስ? አንዱ 1,900፣ ሌላው ቅጣቱ።

የጠበቃ ረዳቷ፦
አይሆንም፤ ከአንድ ጉዳይ የመነጨ ክስ ለሁለት አይሰነጠቅም። ያሉሽ ሁለት መንገዶች ናቸው። አንደኛው 5,000 ብቻ ጠይቀሽ የቀረውን መተው ነው። ያኔ ጉዳዩ በአነስተኛ ክስ ይታያል፤ የማስረጃ ደንቡ ጥብቅ አይደለም፣ ከችሎት በፊት የጥያቄና መልስ ወረቀት መለዋወጥ የለም፣ ፎቶሽንና መልእክትሽን ይዘሽ ቀርበሽ ትናገሪያለሽ። ሁለተኛው ሙሉውን መጠየቅ ነው። ያው የዲስትሪክት ፍርድ ቤት እስከ 30,000 ዶላር ድረስ ያየዋል፤ ነገር ግን የማስረጃ ሕጉ በሙሉ ይሠራል፣ የእሱ ጠበቃም የጽሑፍ ጥያቄ ሊልክልሽ ይችላል። ያለ ጠበቃ የምትቆሚ ከሆነ ለ700 ዶላር ልዩነት ያንን ሸክም አልሸከምም ነበር። ወለድ፣ የፍርድ ቤት ወጪና የጠበቃ ክፍያ በ5,000ው ውስጥ አይቆጠሩም።

ሹፌሩ፦
1,600 ቢሆንስ ልዩነቱ? እኔ ለ1,600 እንኳን የጽሑፍ ጥያቄ፣ የሒሳብ ፈተናም እፈተናለሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦
በሰርቲፋይድ ፖስታ ደብዳቤ ላኪለት። ቀን ቁረጪለት። በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ገንዘቡ ተመልሶለታል።

ብልኋ፦
አዎ፣ በፊርማ የሚደርስ ደብዳቤ ላኪ።

የጠበቃ ረዳቷ፦
ደብዳቤው አይጎዳም፤ ቅጂውንና የመላኪያውን ደረሰኝ ያዢ። ቼኩን እንደ ሙሉ ክፍያ እንደማትቀበዪውም እዚያው ላይ ጻፊ። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ ስትከሺው እሱም መልሶ ሊከስሽ ይችላል። የእሱ ክስ ከ5,000 ዶላር ካለፈ ጉዳዩ ከአነስተኛ ክስ ወጥቶ ወደ መደበኛው መዝገብ ይሄዳል፤ አንቺ የሸሸሽው ሥርዓት ተከትሎሽ ይመጣል ማለት ነው። ያልተከፈለ ኪራይ አለብሽ?

የሰላም እናት፦
አስተርጓሚ ከፈለግሽም ፍርድ ቤቱ ያለ ክፍያ ያቀርባል፤ ከቀጠሮው ቀድመሽ ጠይቂ። የአማርኛ አስተርጓሚ አለ፤ ዘመድ ይዤ ልሂድ አትበዪ።

ጋሽ ጡረተኛ፦
ያቋረጥሁትን ልቀጥልና፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት በተለያየ ግዛት በሚኖሩ ሰዎች መካከል ለሚደረግ ክርክር ጣሪያው... ይቅርታ፣ ወለሉ ማለቴ ነው፣ ከ75,000 ዶላር በላይ ነው።

ሹፌሩ፦
ጋሼ፣ አከራይዋ እኮ ከላይኛው ፎቅ ነው የሚኖረው፤ ምን ሌላ ግዛት አለ?

ተጠራጣሪው፦
ከላይኛው ፎቅ መኖሩን ማን ነገረህ?

የጠበቃ ረዳቷ፦
እህቴ፣ የኪራዩን ጥያቄ አልመለስሽልኝም። ቼኩንስ ምን አደረግሽው?

አዲስ አባል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእኔም ተመሳሳይ ነው፤ ግን ቨርጂኒያ ነኝ፣ የተያዘብኝም የመኪና ማስያዣ ነው፣ 5,200 ዶላር። እዚህ ላይ ልጠይቅ ወይስ አዲስ ልክፈት?

የሰላም እናት፦
አዲስ ክፈቺ እህቴ፤ መኪናና ቤት አይገናኙም። ስትጽፊ ግዛቱንና የተፈራረማችሁበትን ቀን ከመጀመሪያው ጻፊ።