የበዓል ሙክት ቤቴ ተላከልኝ፣ እኔ ደግሞ የግዢ ኃላፊ ነኝ፤ ምን ላድርግ?

የደብረ ብርሃኗ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን አንድ የዱቄትና የብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ስድስት ዓመት ሂሳብ ክፍል ቆይቼ ከአራት ወር በፊት የግዢ ኃላፊ አደረጉኝ። ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ።

የፋሲካ ዋዜማ ማታ ከሥራ ስገባ ግቢያችን ውስጥ ሙክት ታስሯል። የመንዝ በግ ነው፣ ጸጉሩ የተንዠረገገ፣ ላቱ የከበደው። እናቴ ድርቆሽ አቅርባለት አጠገቡ ቆማለች። "የመሥሪያ ቤትሽ ሰዎች ናቸው የላኩልሽ፣ እግዜር ይስጣቸው" አለችኝ። የላከው ስንዴ የሚያቀርብልን ነጋዴ ነው። ውሉ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያልቃል፣ ይታደስ አይታደስ የሚለውን የምጽፈው እኔ ነኝ። ደወልኩለት። "ምን ችግር አለው እህቴ፣ በዓል እኮ ነው፣ ካንቺ በፊት ለነበረውም በየዓመቱ እንልክ ነበር" አለኝ። ይኼ "ካንቺ በፊት ለነበረውም" ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም።

ሌላም አለ። ለካርቶን ግዢ ከሦስት የተለያዩ ተወዳዳሪዎች የመጣ የተባለ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ቀረበልኝ። ሦስት ስም፣ ሦስት ማኅተም። ግን ሦስቱም ላይ "ብዛት" የሚለው ቃል "ብዛጥ" ተብሎ ተጽፏል። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘርግቼ ዝም ብዬ አየኋቸው። የጻፋቸው አንድ ሰው ነው። ያመጣልኝ ደግሞ እኔው ክፍል ያለ ልጅ ነው፣ በየቀኑ ምሳ አብረን የምንበላ።

በዚህ መሀል ከእኛ ጋር ሊሠራ የፈለገ የእንግሊዝ ድርጅት መጠይቅ ላከልን። ጉቦ የምትከላከሉበት አሠራር አላችሁ ወይ ይላል። ሥራ አስኪያጁ "ከኢንተርኔት አንድ ፖሊሲ አውርጂና ማኅተም አድርገሽ ላኪላቸው" አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሥራ በዝቶበት ነው። እኔ ግን የሌለውን አለ ብዬ መፈረም አልፈልግም። ከየት ልጀምር? ደግሞስ ሰው ሳላስቀይም ይቻላል?

ሚዛን ቤት የኖርኩ፦

ልጄ፣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። 22 ዓመት እህል መቀበያ ላይ ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ። አንቺ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ስታዪ ዋናው ነገር የሚያልፈው በር ላይ ነው።

መኪና ስንዴ ጭኖ ሲገባ ጆንያው በብረት እየተወጋ ናሙና ይወሰዳል አይደል? ወጊው ሰውዬ ቀድሞ ጉቦ ከበላ፣ ላይ ላዩን ያሉትን ጆንያዎች ብቻ ነው የሚወጋው። ደረቁ እህል እዚያ ነው የሚደረደረው። እርጥቡ ከሥር ነው። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያው 13 በመቶ ያነባል፣ እውነተኛው 16 ነው። እስቲ አስቢው፣ 300 ኩንታል ላይ ይኼ ልዩነት ወደ 10 ኩንታል ውሃ ነው። ድርጅትሽ ውሃውን በስንዴ ዋጋ ይገዛል፣ ከዚያ መጋዘን ውስጥ ይሻግታል። ለወጊው የደረሰው ግን የአንድ ቀን የምሳና የቢራ ብር ነው። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ጥቅሙ ትንሽ፣ ጥፋቱ ትልቅ።

እኛ ጋ ነገሩ የተስተካከለው በምክር አልነበረም። አንድ ኃላፊ መጣና ሚዛን የሚጽፈውን፣ ናሙና የሚወስደውንና እህሉን የሚቀበለውን ለያየ። ወጊው በየሳምንቱ ይቀየራል፣ ማን የትኛው መኪና ላይ እንደሚመደብ ጠዋት ነው የሚነገረው። ነጋዴው ማንን ማናገር እንዳለበት ጠፋው። በቃ።

ባለ ወርክሾፑ፦

እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ። መለዋወጫ እየቀረጽኩ ለፋብሪካዎች አቀርባለሁ። ሰው ሁሉ አቅራቢውን ነው የሚረግመው፣ እኛ ግን ወደን አይደለም። ዕቃውን አስረክቤ ገንዘቤን ለማግኘት ሁለት ወር የተመላለስኩበት ቦታ አለ። "ፈራሚው የለም"፣ "ሲስተም ተበላሽቷል"፣ "ነገ ተመለስ"። በመጨረሻ አንዱ ጠጋ ብሎ "አንተም ትንሽ ተንቀሳቀስ እንጂ" አለኝ። የሠራተኛ ደሞዝ ነበረብኝና ሰጠሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። በሚቀጥለው ትዕዛዝ ደግሞ ያንን ብር ዋጋው ላይ ጨምሬ አስገባሁ። ታዲያ ማን ከፈለ? ድርጅቱ ራሱ ነው የከፈለው።

ስለዚህ እህቴ፣ ክፍያ የሚፈጸምበትን ቀን ወስናችሁ በር ላይ ለጥፉት። ደረሰኝ ካስገባ በ15 ቀን፣ በባንክ፣ ማንንም ሳያናግር። ይኼን ካደረጋችሁ ግማሹ ጉቦ ምክንያት ያጣል። የሥራ አስኪያጁ ስልክም እዚያው ላይ ይጻፍ። እኔ የምደውልበት ባገኝ ኖሮ ያኔ አልሰጥም ነበር።

መንዜው፦

እኔ አልስማማም። በግ ጉቦ ነው ካላችሁ በዓል ሊቀር ነው። እኛ አገር ሰው በባዶ እጁ ሰው ቤት አይሄድም። ነጋዴው ቢልክላት አክብሯት ነው። መመለስ ስድብ ነው፣ በተለይ እናትየው ከተቀበሉት በኋላ።

ኦዲተር ነኝ፦

ወንድሜ መንዜው፣ ያልከው ይገባኛል፣ እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ግን ራስህን አንድ ነገር ጠይቅ። ልጅቷ ነገ ከግዢ ብትነሳ በጉ በሚቀጥለው ዓመት ይመጣላታል? አይመጣም። ለወንበሩ ነው የመጣው። ስጦታ ከሆነ መሥሪያ ቤት በሰው ፊት ይሰጣል፣ ማታ ቤት አይላክም።

አሁን ላንቺ። ስለ በጉ ዛሬውኑ ለሥራ አስኪያጁ በጽሑፍ አሳውቂ። ቀኑ፣ ላኪው፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳደረግሽ። ይኼ ካንቺ በላይ ለማንም አይጠቅምም፣ ነገ ነጋዴው "በልታለች" ቢል ወረቀት አለሽ። ከዚያ የስጦታ መዝገብ ክፈቱ። ተራ ደብተር ይበቃል። አጀንዳና ካላንደር ይቻላል፣ ጥሬ ብር፣ በግ፣ የስልክ ካርድ አይቻልም፣ መመለስ የማይቻል ነገር ከመጣ ለሠራተኛው ሁሉ ይውላል ወይም ለአረጋውያን መርጃ ይሰጣል ብላችሁ ጻፉ። ለአቅራቢዎች በሙሉ ደብዳቤ ይድረሳቸው፣ ከበዓል በፊት እንጂ ከበዓል በኋላ አይሁን። እንዲህ ሲሆን ስትመልሺ አንቺ አልሰደብሽም፣ ደንቡ ነው የመለሰው።

ፕሮፎርማውን በተመለከተ፣ ልጁን ለብቻሽ ጠርተሽ አትገሥጪው። ሰነዱን ይዘሽ ለውስጥ ኦዲት ወይም ለባለቤቶቹ ስጪ። ከዚህ በኋላ ፕሮፎርማ የሚሰበስበው አንድ ሰው አይሁን። ፖስታው ታሽጎ ይምጣ፣ ሦስት ሰው ባለበት ይከፈት። ድርጅቶቹ በእርግጥ መኖራቸውን ሄዳችሁ እዩ፣ ቲን ቁጥራቸውን አመሳክሩ። እኔ ሳመሳክር የሁለት "ተወዳዳሪዎች" ስልክ አንድ ቤት ሲጠራ ሰምቼ አውቃለሁ።

ስለ መጠይቁ ደግሞ ማኅተም ብቻ አድርገሽ እንዳትልኪ። የእንግሊዝ የጉቦ ሕግ በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ ጉቦ የሰጠውን ሰው ብቻ ሳይሆን ሳይከላከል የቀረውን ድርጅትም ይጠይቃል። በስሙ የሚሠሩለት ወኪሎችና ጉዳይ አስፈጻሚዎች ያጠፉትም ይመጣበታል። ለዚህ ነው የሚጠይቋችሁ። ነገር ለማፋጠን የሚሰጥ ትንሽ ብር፣ እኛ "የሻይ" የምንለው፣ እዚያ ሕግ ላይ ጉቦ ነው። ወረቀት ብቻውን እንደማያድን ደግሞ የጀርመኑን ትልቅ ኩባንያ ሲመንስን ማየት ይበቃል። ፖሊሲ ነበረው፣ ቢሆንም በ2008 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካና ለጀርመን ወደ 1.6 ቢሊዮን ዶላር ከፈለ። ስለዚህ መጠይቁ ላይ እውነቱን ጻፉ፦ ይኼ አለን፣ ይኼ የለንም፣ በዚህ ወር እንጀምራለን። ከዋሸ ድርጅት ይልቅ የጀመረን ያምናሉ።

ሕግ ያነበበ፦

በአጭሩ ልጨምር። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ብቻ አይደለም። ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድር የግል ዘርፍ ድርጅትንም "ሕዝባዊ ድርጅት" ብሎ ያካትታል። ሰጪም ተቀባይም ይጠየቃሉ። የናንተ ፒ ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር) ከሆነ እንዴት እንደሚነካችሁ የድርጅቱን ጠበቃ ጠይቂ። ለማንኛውም በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ማታለልና ማጭበርበር ያለማስጠንቀቂያ ያሰናብታል። ነገሩ ከባድ ወንጀል ደረጃ ከደረሰና መጠቆም ካለብሽ ደግሞ ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የወጣ አዋጅ አለ፣ ቁጥር 699/2003። ብቻሽን ነሽ ብለሽ አትፍሪ።

የደብረ ብርሃኗ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ የሚዛን ቤቱ፣ የነገሩኝን አንብቤ ሰኞ ጠዋት በዚያ ብርድ በር ላይ ሄጄ ቆምኩ። አንድ መኪና ሲገባ ከሥር ያለው ጆንያ እንዲወጋ አዘዝኩ። ላይኛው 12 ተኩል ነበር፣ የሥሩ 15 ከምናምን አነበበ። ሾፌሩ መሬት መሬት አየ። ወጊውም እንደዚያው።

በጉን መለስኩት። እናቴ መጀመሪያ ተቆጣች፣ ቁጭ ብዬ ስነግራት ግን ራሷ ገመዱን ፈታችው። ነጋዴው ከፍቶታል፣ ሁለት ቀን ስልኬን አላነሳም። ወንድሜ መንዜው፣ ያልከው እውነት አለው፣ ሲመለስ አንገቴን ደፍቼ ነበር። ለዚህ ነው ደብዳቤው ለሁሉም እኩል እንዲሄድ የፈለግኩት።

ፕሮፎርማዎቹን ለባለቤቶቹ ሰጥቻለሁ። ልጁ ከእኔ ጋር ምሳ መብላት አቁሟል፣ ይኼ ከሁሉም በላይ ከብዶኛል። የክፍያ ቀኑን ጉዳይ ሥራ አስኪያጁ ወዲያው ነው የተቀበለው፣ አርብ አርብ ሆኗል። ናሙና ወጊዎቹን ማቀያየሩ ላይ ግን "ሰው የለንም" እያለኝ ነው። ሦስት ሰው ብቻ ነው ያለን። ጋሼ፣ በሦስት ሰው እንዴት አድርገን እናቀያይር?