ብርድ ሲነካቸው የሚያሙኝ እባጮች

የከዚራዋ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። ግራ ትከሻዬ ላይ 11 እባጮች አሉኝ። የምስር ፍሬ ያክላሉ፣ ወደ ቡናማ የሚያደላ ቀለም አላቸው። ድሬ እያለሁ መኖራቸውም ትዝ አይለኝም ነበር። ዘንድሮ ለሥራ ሐረር ገባሁ። ጠዋት ከጀሪካን ቀድቼ ስታጠብ ቀዝቃዛው ውሃ ሲያርፍባቸው እንደ መርፌ ይወጉኛል። ትንፋሼን ውጬ ነው የምቆመው። ደንገጎን ወርጄ ድሬ ስደርስ ይተወኛል።

አንድ ክሊኒክ ብጉር ነው ብለው ቅባት ሰጡኝ። እናቴም ጀርባዋ ላይ እንዲሁ ነበራት፣ "የቤታችን ምልክት ነው" ትል ነበር። እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። እናቴ በ31 ዓመቷ በማዮማ (በማህፀን እጢ) ምክንያት ማህፀኗ ወጣ። ታላቅ እህቴ ማዮማ ሲገኝባት 27 ዓመቷ ነበር። የእናቴ ወንድም በ42 ዓመቱ በኩላሊት ካንሰር አረፈ። ይሄ ሁሉ ይገናኛል? ወይስ እኔ ነኝ የማገናኘው?

ሳቢያን፦
አይዞሽ እህቴ። እኔም አንገቴ ላይ እባጭ ወጥቶ የስብ ነው ተባልኩ፣ ይኸው ዓመታት አለፉ። አብዛኛው እንዲህ ነው። ያንቺ ግን ከዘመዶችሽ ታሪክ ጋር ስለሆነ ዝም አትበይ። ደግሞ አደራ፣ ማንም በቅጠልም በእሳትም እንዳይነካካው።

የቆዳ ሐኪም፦
ያገናኘሽው በምክንያት ነው። ተሰብስቦ የወጣና በብርድ የሚያም እባጭ ሲነገረኝ መጀመሪያ የማስበው ሊዮማዮማን ነው። ብርድ ሲመታን ጠጉራችንን የምታቆም ትንሽ ጡንቻ አለች፣ እባጩ የሚበቅለው ከሷ ነው። እሱ ራሱ ካንሰር አይደለም።

ግን ብዙ ሲሆን ኤፍኤች የሚባል ዘረ-መል ላይ ጉድለት መኖሩን ሊጠቁም ይችላል። ግንኙነቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ያው ጉድለት ሴቶች ላይ ገና በወጣትነታቸው ማዮማ ያመጣል፣ አንዳንዶች ላይ ደግሞ የኩላሊት ካንሰር። ጉድለቱ ካለበት ወላጅ ወደ እያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው፣ ወንድ ሴት አይልም። ካንሰሩ የሚይዘው ጥቂቶቹን ነው። ሆኖም ገና ትንሽ እያለ ስለሚሰራጭ ጉድለቱ ያለባቸው ሰዎች ኩላሊታቸውን በየዓመቱ በኤምአርአይ እንዲታዩ ይመከራል። አልትራሳውንድ ብቻውን ትንንሹን ሊያልፈው ይችላል።

ያለ ምርመራ ነው ማለት አልችልም። ከአንዱ እባጭ ናሙና ይወሰድ። ናሙናው ወደ ፓቶሎጂ ሲላክ ማዘዣው ላይ የእናትሽ፣ የእህትሽና የአጎትሽ ታሪክ ከነዕድሜያቸው እንዲጻፍ ጠይቂ። ናሙናውን የሚያየው ሰው አንቺን አያይሽም፣ የሚያገኘው ብልቃጧንና ወረቀቷን ብቻ ነው።

የከዚራዋ፦
ዶክተር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እስከዛሬ ትከሻዬን ያየ ሁሉ ስለ እናቴ አንድም ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ማታውኑ የአጎቴ ሚስት ጋ ደወልኩ። ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቁ ክንዱ ላይ "እንደናንተው" አለው አሉኝ። ክረምት ላይ ብርድ ሲሆን ክንዱን አቅፎ ነው አሉ የሚቀመጠው። ሐሙስ እህቴንም እሱንም ይዤ እሄዳለሁ።