«ሪሲፕት» ያልኩባት ቀን

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። ሰሞኑን ስለ ቤት ኪራይና ስለ ኢንሹራንስ ስንነታረክ ከረምን። ዛሬ ቀለል ያለ ጨዋታ ላምጣ።

አሜሪካ ስመጣ እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። የማትሪክ ውጤቴ ምስክሬ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ልብስ ልመልስ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጅቷ «ሪሲት አለህ?» አለችኝ። ሪሲት ምንድነው? አንገቴን ነቀነቅኩ፣ የለኝም ማለቴ ነው። ብርድ ልብሱን መልሳ ልትሰጠኝ ስትል ከኪሴ ወረቀቱን አወጣሁና «ሪሲፕት ብቻ ነው ያለኝ» አልኳት። «ፕ»ዋን ረገጥ አድርጌ። ልጅቷ ሳቋን ዋጠች። እኔ ደግሞ ሼም ያዘኝ፣ ብርድ ልብሱን ራሴ ብለብሰው በወደድኩ።

ለካ ሪሲት ያለችው ደረሰኙን ነው፣ የተጻፈው «ፒ» አይጠራም። ቃሉን ከ15 ዓመት በላይ አውቀዋለሁ። ጽፌዋለሁ፣ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ሲጠራ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ነገሩን ሳስበው ጥፋቱ የፊደላችን ይመስለኛል። ሀ ሁ ሂ ብለን ቆጥረን ነው ያደግነው። እኛ ዘንድ ተጽፎ ዝም የሚል ፊደል የለም። እንግሊዝኛውንም በዚያው እምነት አነበብነው። ዕዳን «ዴብት»፣ ቧንቧ ሠራተኛን «ፕለምበር»፣ ዓሣውን «ሳልሞን» አልን። ሲጠሩ ግን «ዴት»፣ «ፕለመር»፣ «ሳመን» ናቸው። በኋላ ሳነብ የገረመኝ፣ ዕዳ የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ ሲመጣ «ቢ» የሚባል ነገር አልነበረውም። የዛሬ 500 ዓመት ገደማ ላቲን አዋቂ ነን ባዮች የላቲኑን «ዴቢቱም» አስታውሰው ሰኩበት። የሪሲት «ፒ» እና የሳመን «ኤል»ም እንደዚሁ ናቸው። አይላንድ (ደሴት) ውስጥ ያለው «ኤስ» ደግሞ ይባስ ብሎ በስህተት የገባ ነው፤ ቃሉ ከላቲኑ ጋር ዝምድናም የለው። ሰው ሁሉ እንደ ድሮው መጥራቱን ቀጠለ፣ ጌጡ ወረቀት ላይ ቀረ። እኛ ያንን ጌጥ ከልብ አምነን ጠራነው።

አንድ ነገር ግን አስተውሉ። የቤት ብድሩን ብዙዎቻችን «ሞርጌጅ» ብለን በትክክል ነው የምንጠራው፣ መሀሉ ላይ «ቲ» ተጽፎ እያለ። ለምን? ከመጽሐፍ ስላልተማርነው ነዋ! ለቅሶ ቤትም፣ ሠርግ ቤትም ወሬው እሱ አይደል።

ሌላው ጉዴ የቢሮ ቁጥር ነው። ቀጠሮ ወረቀቴ ላይ ያለውን አይቼ የሕንፃውን ጥበቃ «ሱት 300 የት ነው?» አልኩት። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ቲሸርት ነበር የለበስኩት። ለካ የቢሮው «ስዊት» ነው፣ «ሱት» ሙሉ ልብስ ነው።

እስቲ የናንተንም አውጡ። የቨርጂኒያው ነኝ።

ከዳላስ

ወንድሜ አሳቅከኝ። እኔ የትራክ ሾፌር ነኝ፣ የኔ ጣጣ የከተማ ስም ነው። ለዲስፓቸሬ (ጭነት ለሚመድብልኝ ሰው) ስልክ ደውዬ «ዴስ ሞይንስ ገብቻለሁ» ስለው የት አገር ነው የሄድከው አለኝ። «ዲ ሞይን» ነው የሚባለው፣ ሁለቱም «ኤስ» ለከንቱ የተቀመጡ ናቸው። የኢሊኖይም የመጨረሻው «ኤስ» አይጠራም። ቴክሳስ ያለው ከተማ «ሂውስተን» ነው፤ ያንኑ ፊደል ኒው ዮርክ ውስጥ የመንገድ ስም ሆኖ ስታገኘው «ሃውስተን» ይሆናል። ማን ያውቃል?

አርካንሳስ ብለህ ከሆነ ደግሞ አትፈር። ራሳቸውም ተጨቃጭቀውበታል። በ1881 የግዛቲቱ ምክር ቤት «አርካንሶ» ተብሎ ይጠራ ብሎ ውሳኔ አሳልፏል። ካንሳስ ግን እንደተጻፈ ካንሳስ ነው። ምክር ቤት የተሰበሰበበትን ቃል እኔ በሌሊት መሪ ይዤ እንዴት ላውቀው?

ከለንደን

እናንተ ገና ምኑን አያችሁት። ሌስተር፣ ግሬኒች፣ ሳዘርክ። እነዚህ ስሞች እንደተጻፉት ቢነበቡ «ሌይሴስተር»፣ «ግሪንዊች»፣ «ሳውዝዋርክ» ናቸው። ወንዙ ራሱ «ቴምስ» አይደለም፣ «ቴምዝ» ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በአውቶቡስ ያለፍኩበትን ሰፈር ስም አፌ ላይ አስተካክዬ ሳልይዝ ቤት ቀየርኩ።

ከነታንያ

ሰላም ለሁላችሁ። በዕብራይስጥ የተረፈ ፊደል አይደለም ችግሩ፣ የጎደለ ነው። ኡልፓን (የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት ቤት) ስንማር ከፊደሉ ሥርና ላይ ነጥብና ሰረዝ አለ፣ ኒኩድ ይሉታል። አናባቢውን የሚነግርህ እሱ ነው። ልክ ለመድነው ስንል ወሰዱብን። የባንክ ደብዳቤ፣ ጋዜጣ፣ የመንገድ ማስታወቂያ፣ ሁሉም ያለ ኒኩድ ነው። ሳሜክ፣ ፔ፣ ሬሽ የሚሉት ሦስት ፊደላት «ሴፈር» ሲባሉ መጽሐፍ፣ «ሳፓር» ሲባሉ ፀጉር አስተካካይ፣ «ሳፋር» ሲባሉ ቆጠረ ማለት ናቸው። ከዓረፍተ ነገሩ ገምተህ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ «ትናንት ፀጉር አስተካካይ ገዛሁ» አልኩ። አስተማሪዋ «ስንት አወጣህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ከቶሮንቶ

እኔ ደግሞ የናንተ ተቃራኒ ነኝ። ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ዓረብኛ አንድ ፊደል ሳልቆጥር በጆሮዬ ብቻ ነው የለመድኩት። አነጋገሬን የሰማ ሰው የዚያው ሰው ትመስያለሽ ይለኝ ነበር። በጆሮ የተማረ አይሳሳትም ካላችሁ ግን ተሳስታችኋል። የማወራው ከማዳም ጋር፣ የምታዘው እኔ። ስለዚህ ትእዛዝ የሰማሁት ሁሉ በአንቺ ነው። «ጂቢ» ትለኛለች፣ አምጪ ማለት ነው። እኔም ታች ወርጄ ጢማሙን ባለሱቅ «ጂቢ ኹብዝ» እለዋለሁ፣ ዳቦ አምጪ! ዓመት ሙሉ አንቺ ስለው ዝም ብሎኝ ኖሯል። በመጨረሻ አንዲት እህታችን ሰምታኝ «ለወንድ እኮ ጂብ ነው የሚባለው» አለችኝ። ምን? ሰላማዊ ሰውዬ ፊት ቆሜ ጅብ ልበለው? አፌ እምቢ አለኝ። እስክመለስ ድረስ «ጂቢ» እንዳልኩት ነው የወጣሁት።

ከሲያትል

የቶሮንቶዋ እህቴ፣ ከአልጋ ልወድቅ ነበር።

ወንድማችን ግን ፊደላችንን ብዙ ከፍ አደረግከው። እውነት ነው፣ ተጽፎ የማይጠራ የለንም። ተጠርቶ የማይጻፍ ግን አለን። እኔን ያስተማረችኝ የ10 ዓመት ልጄ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ትማራለች፣ ፊደሉን ጥርት አድርጋ ታውቃለች። አንድ ቀን «ዋና አስተዳዳሪ» የሚለውን አላልታ አነበበችውና አስተዳዳሪውን ውሃ ውስጥ ከተተችው። ሌላ ቀን አያቷ የላከችው መልእክት ላይ «የአክስትሽ ልጅ ሽፍታ ወጣበት» የሚል አይታ፣ ስልኩን ይዛ እየሮጠች መጣች። ፖሊስ እንጥራ ነው የምትለው።

ገናን ደግሞ «ገና ነው» እንደምንለው አላልታ ነው የምትጠራው። ሲጠብቅ በዓል፣ ሲላላ አልደረሰም ማለት ነው አልኳት። «ታዲያ እዚህ ላይ ምኑ ተጽፏል?» አለችኝ። ምንም። የምናውቀው ስለሰማነው ነው። እሷ ደግሞ እዚህ አገር የምትሰማው እኔንና አባቷን ብቻ ነው፣ እሱም እራት ላይ።

ሐዲስ አለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ጠብቀው በሚነበቡት ፊደላት አናት ላይ ነጥብ አድርገው ነበር። አሠራሩ አልተለመደም እንጂ። ይህን ስነግራት እርሳስ አነሳች። አሁን የማንበቢያ መጽሐፏን ገጽ በገጽ እየነጠበችው ነው። «ይሄ ይጠብቃል? ይሄስ?» እያለች ወጥ እንኳ አላሠራ አለችኝ። ትናንት አንዱ ቃል ላይ እኔና አባቷ አልተስማማንም። እኔ አዲስ አበባ ነው ያደግሁት፣ እሱ ጎጃም። ሐዲስም የጎጃም ሰው ናቸው አለና ነጥቡን ራሱ አስቀመጠ። ማታ ከተኛ በኋላ በላጲስ አጠፋሁት።