የአያቴ የመርከብ ደብተር ረጥቧል፤ ባሕር ላይ መሞታቸውን ከየት ላስመስክር?

የቢቸናው፦ ወገኖች፣ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ሌሊት ጣሪያው አፍስሶ የአያቴ የመርከብ ደብተር፣ የመርከብ ሥራቸው የተመዘገበበት፣ ረጠበ። ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ማኅተሙም እየፈሰሰ ነው። መርከብ ላይ ሲሠሩ ሞተው እዚያው ባሕር ውስጥ ተቀበሩ ይባላል። የእንግሊዞች መዝገብ ላይ 1943ን ብፈልግ የሉም። የውርስ ቀጠሮው ሐምሌ 25 ነው፤ ዳኛው የሞት ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ጤፍ ሻጭ፦ ስልክ ሲረጥብ ሩዝ ውስጥ ይከተታል። ደብተር ግን ጤፍ ውስጥ ነው። በዛሬው ዋጋ ከቻልክ።

ሞጣ፦ ፀሐይ ላይ ዘርጋው፣ አለቀ።

ወረቀት ወዳጅ፦ ኧረ በፀሐይ አይሆንም! ወረቀቱ ይጣመማል፣ ቀለሙ ይደበዝዛል። ካውያም እንዳታስነካው። የተጣበቀውን በግድ አትላጥ። በሚከፈቱት ገጾች መሐል ነጭ ሶፍት አስገባ፣ ሲረጥብ እየቀየርክ። ጋዜጣ ቀለሙ ይጋባል። ነፋስ ባለበት ጥላ ሥር አድርገው፣ ሊደርቅ ሲል በሁለት ሳንቃ መሐል ጫነው። ሻጋታ በሁለት ቀን ይነሣል፤ እስከዚያ ካልደረቀ በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ ክተተው። ከሁሉ በፊት ግን ፎቶ አንሣው፣ መብራቱን ከጎን አድርገህ፤ ወረቀቱ ላይ ተጭኖ የቀረ ምልክት እንደዚያ ጎልቶ ይታያል።

አባ ሞገድ፦ በ1943 በመርከብ የሄደ ኢትዮጵያዊ የቃኘው ሻለቃ ዘማች ነው። ሚያዝያ ላይ ከጂቡቲ ተሳፍረው ኮሪያ ሄዱ። መከላከያን ጠይቅ፤ እንግሊዝ ምን አገባው?

የቢቸናው፦ ወታደር አልነበሩም። ከዓደን የተሳፈሩ እሳት አንዳጅ ናቸው። የሞቱት ሰኔ 1943 ነው።

ዓባይ ማዶ፦ ይኸውልህ ስሕተቱ። የእኛ ሰኔ 1943 በፈረንጅ ከጁን 8 እስከ ጁላይ 7፣ 1951 ነው። 8 ዓመት ወደ ኋላ ነው የፈለግከው! መዝገቡ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢቲ 334 ይባላል፤ በፈረንጅ ከ1891 እስከ 1972 ባሕር ላይ የሞቱትን ይዟል። ይህ ግን መርከቡ የእንግሊዝ ባንዲራ ከነበረው ነው። የሌላ አገር ከሆነ እዚያው አገር ትፈልጋለህ፤ ከየትም ወደብ ይሳፈሩ፣ የሚወስነው ባንዲራው ነው።

ስማቸውንም በራሳቸውም በአባታቸውም ፈልግ፤ የእኛን የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ያስገቡታል። ኃይሉ ቢሆን በኤችም ያለ ኤችም ሞክር። ካጣህ በመርከቡ ስም ሂድ።

የሠራተኞቹ ዝርዝር ሌላ ነው። የ1951ዱ 10 በመቶ ያህሉ ኪው ቀርቷል፣ አብዛኛው ካናዳ ኒውፋውንድላንድ፣ ሜሞሪያል ዩኒቨርሲቲ ነው። እዚያ በሰው ስም ሳይሆን በመርከቡ ኦፊሻል ቁጥር፣ ሲመዘገብ በተሰጠው፣ ነው የሚፈለገው፤ መርከቡ ተሽጦ ስሙ ቢለወጥ እንኳ ቁጥሩ አይለወጥም። ደብተሩ ላይ ከመርከቡ ስም ጋር ተጽፎ ታገኘዋለህ። የመጨረሻውን መስመር በደንብ እይ፤ የተሳፈሩበት ቀን ኖሮ የወረዱበት ከሌለ መርከቧ እሷ ናት።

ሕግ አዋቂ፦ ይህ ሁሉ ለሐምሌ 25 አይደርስም። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 154 ሁለት ዓመት ወሬው የጠፋን ሰው መጥፋት ፍርድ ቤት እንዲወስን ማመልከት ይቻላል ይላል። ሕጉን ሳያነቡ መሯሯጥ ልማዳችን ሆኗል።

ዓባይ ማዶ፦ ሞተዋል ብሎ ያመለከተ ሰው ጠፍተዋል ብሎ ሲመጣ ዳኛው ምን ይሉታል? ይልቅ ደብተሩንና የፍለጋ ጥያቄውን ቅጂ አቅርቦ ቀጠሮ ያስለውጥ፤ ነሐሴ ሲገባ ፍርድ ቤቱም ይዘጋል። መልሱ ሲመጣም ተራ ፎቶኮፒ አይበቃም፣ የተረጋገጠ ቅጂ ብለህ ጠይቅ። እዚያ በኤምባሲያችን፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ይረጋገጥና ይተረጎማል።

ሞጣ፦ ፀሐይ ላይ ቢዘረጋው ይሄኔ ደርቆ ነበር።

ወረቀት ወዳጅ፦ የቢቸናው፣ የት ጠፋህ? ቁጥሩ ተነበበ?